አማቴ ሙዝ ከለከሉኝ፣ እህቴ ቫይታሚን ላከችልኝ፤ ማንን ልስማ?

የሰኔ_ጨረቃ

ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ልጄ ነው፣ 11ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ጨንቆኝ ነው የምጽፈው፣ ቢረዝምባችሁ ታገሡኝ።

አማቴ ሊያግዙኝ ከደብረ ማርቆስ መጥተዋል። ዕድሜ ይስጣቸው፣ ቤቱን ቀጥ አድርገው የያዙት እሳቸው ናቸው። ምግብ ላይ ግን አልተስማማንም። ሙዝ አይበላም፣ የልጁ ገላ ላይ ይለጠፋል። ወተትም እንደዚያው። "ስትወልጂ ታዪዋለሽ፣ ነጭ ነገር ለብሶ ነው የሚወጣው" ይሉኛል። ብዙ ከበላሁ ደግሞ ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጸናብኛል። ትናንት ሙዝ ገዝቼ መኝታ ቤት ቆልፌ በላሁ። የ29 ዓመት ሴት፣ ልጣጩን ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄ! ራሴን ታዘብኩት።

እህቴ ደግሞ ከአትላንታ በሰው ሦስት ጠርሙስ ላከችልኝ። አንዱ የእርግዝና ቫይታሚን ነው። አንዱ የዓሣ ሥዕል አለበት። ሦስተኛው ለፀጉርና ለጥፍር ነው መሰለኝ። ከጤና ጣቢያ የሰጡኝ አይረንም አለ፣ እሱን ስውጥ ሆዴ ይገለባበጣል። ጠዋት ጠዋት ያስመልሰኛል። ጎረቤቴ "ፋርማሲ ሄደሽ ማስታገሻ ግዢ" ትላለች፣ ባሌ "እርጉዝ ኪኒን አትነካም" ብሎ ድርቅ ብሏል። አምሮቴ ደግሞ ምን መሰላችሁ? ዱለት። ያውም ለብ ለብ።

ማንን ልስማ?

ጋሽ_ቀልዴ

ዱለቱን ከተውሽው አድራሻ ላኪልኝ፣ እኔ ለአገርና ለወገን ስል እበላልሻለሁ። ቀልዱን ትተን፣ እናቴ እርጉዝ ያማራት ከቀረባት ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ትል ነበር። እኔ አንገቴ ላይ ያለው የሽሮ ቅርጽ ነው ይባላል። ሽሮ ምን ቅርጽ እንዳላት እስካሁን አልገባኝም።

አዋላጇ_ነኝ

እንኳን ማርያም ሰማችሽ የኔ ቆንጆ። 14 ዓመት አዋልጃለሁ፣ ስለዚህ ስለ ነጩ ነገር እኔ ልንገርሽ። አማትሽ ያዩት እውነት ነው፣ ምክንያቱን ነው የሳቱት። ሕፃኑ ውኃ ውስጥ ዘጠኝ ወር ሲኖር ቆዳውን የሚጠብቅለት ቅባት ነው። ሙዝ ዓይታ በማታውቅ ሴት ልጅ ላይም አለ። እንዲያውም አሁን ቶሎ አትጠቡት፣ ቢያንስ 24 ሰዓት ቆዩ ነው የሚባለው። ሙዝሽን ሳሎን ቁጭ ብለሽ ብዪ።

አይረኑን አታቋርጪ። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ ብረቱ ነው። ሆድሽን ካወከሽ ማታ ስትተኚ ውሰጂው። ዋናው ጥያቄዬ ግን ይሄ ነው፦ በምንድነው የምትውጪው? ክትትል ከሚመጡልኝ እናቶች ስንቱ በቡና ነው የሚውጡት! ቡናና ሻይ ብረቱን አንጀት ውስጥ ይይዙታል፣ ወደ ደም አይገባም። ኪኒን ዋጥሽ ማለት አገኘሽው ማለት አይደለም። ቡናሽን ከምግብም ከኪኒንም አንድ ሁለት ሰዓት አርቂው፣ ብርቱካን ካለ አብረሽው ብዪ። ደግሞ በቡና ላይ ጤና አዳም መጨመር የሚወድ ቤት ከሆነ ለጊዜው ይቅርብሽ። ማህፀን ያኮማትራል ተብሎ የሚፈራ ተክል ነው። ኮሶማ እርጉዝ እንደማትጠጣ አማትሽም ያውቃሉ፣ እዚያ ላይ የድሮዎቹ ልክ ነበሩ።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት የሦስት ወር ኪኒኗን በላስቲክ ቋጥራ መለሰችልኝ። አንድም አልጎደለም። "አንቺም ሥራሽን ሠራሽ፣ እኔም አልተጎዳሁም" አለችኝ እየሳቀች። ልጁ ይገዝፋል ብላ ነው። ደሟ ሲለካ ሳቄ ጠፋ።

ባለ_ሚዛኑ

ፋርማሲስት ነኝ። እህቴ፣ ከምንም በፊት የዓሣ ሥዕል ያለበትን ጠርሙስ አዙሪውና ጀርባውን አንብቢልኝ። የዓሣ ዘይት ነው ወይስ የዓሣ ጉበት ዘይት? ከዚያ በሦስቱም ላይ "ቫይታሚን ኤ" የሚለውን መስመር ፈልጊ። ቁጥሩን ጻፊልኝ፣ አጠገቡ በትንሹ የተጻፈውን ስምም ጭምር።

የሰኔ_ጨረቃ

የጉበት ዘይት ይላል። ቫይታሚን ኤ 10,000 አይዩ፣ በቅንፍ ሬቲኒል ፓልሚቴት። የእርግዝናው ላይ ቤታ ካሮቲን ነው የሚለው፣ ቁጥሩም አነስ ያለ ነው። የፀጉሩ 5,000፣ እሱም ሬቲኒል ነገር። ምነው? ሁለት ሳምንት ወስጃቸዋለሁ እኮ!!

ባለ_ሚዛኑ

አትደንግጪ። የዓሣ ጉበቱንና የፀጉሩን ዛሬውኑ አቁሚ፣ ሁለቱን ጠርሙስ ይዘሽ ለክትትል ሐኪምሽ አሳዪ። የእርግዝናው ችግር የለበትም፣ ግን ከአይረኑ ጋር እንዳይደራረብ እሱንም አብረሽ አሳዪ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ቫይታሚን ኤ ሁለት ዓይነት ነው። ከካሮት፣ ከጎመንና ከቆስጣ የሚመጣውን (ቤታ ካሮቲን የሚለውን) ሰውነት በልኩ ነው የሚቀይረው፣ አያሰጋም። ሬቲኖል የሚባለው፣ ከጉበት የሚመጣው (ጠርሙስሽ ላይ ሬቲኒል የሚለው) ግን ተዘጋጅቶ ያለቀ ነው። ለነፍሰ ጡር ሴት የቀን ጣሪያው 3,000 ማይክሮ ግራም ነው፣ ማለትም ጠርሙሱ ላይ ባለው መለኪያ 10,000 አይዩ። አንቺ በሁለቱ ጠርሙስ ብቻ 15,000 ደርሰሻል። በ1995 (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ቦስተን ውስጥ ከ22,000 በላይ እርጉዞችን የተከታተለ ጥናት ወጥቶ ነበር። በቀን ከ10,000 በላይ በኪኒን ከወሰዱት የተወለዱት ላይ ከ57 ሕፃን አንዱ ያህል በዚሁ ሰበብ ጉድለት ይዞ እንደተወለደ ገምተዋል። በኋላ ቁጥሩ ተጋንኗል ብለው የተከራከሩ አሉ። ጣሪያው ግን አልተነሳም። የብጉር ኪኒን ሆኖ የሚሸጠው አይሶትሬቲኖይን የዚሁ ቤተሰብ ነው። እሱን አሜሪካ ውስጥ ለማግኘት ሴት ልጅ መዝገብ ገብታ በየወሩ የእርግዝና ምርመራ ታደርጋለች። እዚህ ጓደኛ ለጓደኛ ሲቀባበለው አይቻለሁ።

ስለ ዱለትሽ፦ 100 ግራም የበሬ ጉበት ውስጥ 5,000 ማይክሮ ግራም ያህል አለ። አንድ ሰሃን ዱለት ከጠርሙሱ ይብሳል ማለት ነው። ለብ ለብ ከሆነ ደግሞ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ አለ፣ ለእናቱ ጉንፋን ሊመስል ይችላል፣ ለፅንሱ ግን ዓይንና ጭንቅላት ላይ ነው የሚሄደው። ጥሬ ሥጋውም ክትፎውም እስክትወልጂ ይቆዩ።

ናፍቆት_ዘአትላንታ

ይቅርታ አድርግልኝና ጠርሙስ የሚልክ ሁሉ ገዳይ አታስመስለው። እኛ ስንልክ በፍቅር ነው። እናንተ ጋ አንድ ቫይታሚን ለማግኘት አምስት ፋርማሲ ይዞራል፣ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። ይሄ እኮ ተቆጣጣሪ ባለበት አገር፣ በትልቅ ሱቅ የሚሸጥ ዕቃ ነው።

ባለ_ሚዛኑ

እህቴ ፍቅሩን አልነካሁም። "ተቆጣጣሪ ባለበት" ያልሽው ላይ ግን ልከራከርሽ። አሜሪካ ውስጥ ቫይታሚን መድኃኒት አይደለም። በ1994 በወጣው ሕግ የምግብ ማሟያ ተብሎ ተለይቷል። መድኃኒት የሚያመርት ኩባንያ ከመሸጡ በፊት እንደሚሠራና እንደማይጎዳ ለኤፍዲኤ (ለአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) ያስመሰክራል። ማሟያ የሚያመርተው ግን በጥቅሉ አስቀድሞ ማስፈቀድ የለበትም፣ ችግር ከታየ በኋላ ነው ኤፍዲኤ የሚደርሰው። የፀጉሩ ጠርሙስ "ለነፍሰ ጡር" ብሎ አልተሸጠም፣ አልዋሸም። ሦስቱን የሚደምር ሰው ግን መሐል ላይ የለም። ሻንጣ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የእኛም ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አያየውም።

እንደየአገሩ ነው እንግዲህ። አንዱ አገር መድኃኒት ያለው ሌላው አገር ምግብ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ 15 ንጥረ ነገር የያዘውን የእርግዝና ኪኒን መሠረታዊ የመድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በ2021 ነው፣ ትናንት በሉት።

መላክ ከፈለግሽ ላኪ፣ ግን አንድ ጠርሙስ። እሱንም መለያውን ፎቶ አንሥተሽ አስቀድመሽ።

ናፍቆት_ዘአትላንታ

እሺ። የፀጉሩን ለኔም እህት ልኬ ነበር 🤦🏾‍♀️ አሁን ልደውልላት።

የአባወራ_ድምፅ

ባልሽ ልክ ነው ባይ ነኝ። እርጉዝ ኪኒን አትነካም፣ አለቀ። ታሊዶማይድ የሚባለውን ሰምታችኋል? ለማስመለስ ተብሎ የተሰጠ ኪኒን ነው። ልጆቹ ያለ እጅ ተወለዱ። ከዚያ በኋላ ፈረንጅ ሲያወራ አልሰማም።

ሎንዶን_በዝናብ

ታሊዶማይድን ካነሳህ እስከ መጨረሻው እናንሳው ወንድሜ፣ ምክንያቱም ግማሹን ብቻ ስንናገር ነው ሴት የምትጎዳው። ነርስ ነኝ፣ ሎንዶን ነው ያለሁት፣ ረዥም ነው የምጽፈው።

ኪኒኑ በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ወጣ። የእንቅልፍ ኪኒን ነበር፣ ያለ ማዘዣ ይገዛል፣ ጉዳት የለውም ተብሎ በጋዜጣ ይወደሳል። ለማቅለሽለሽም ረዳ ተባለና እርጉዞች ወሰዱት። ከፀነሱ ከ20ኛው እስከ 36ኛው ቀን ባለው ጊዜ የወሰዱት ናቸው የተጎዱት፣ አንዲት ፍሬ ትበቃ ነበር። ከገበያ የወጣው በኅዳር 1961 ነው። እስከዚያ በዓለም ዙሪያ 10,000 ያህል ሕፃናት ተጎድተዋል። አሜሪካ ግን አልገባም ማለት ይቻላል። ለምን? ፍራንሲስ ኬልሲ የምትባል ሐኪም ኤፍዲኤ በተቀጠረች በወሩ ፋይሉ ጠረጴዛዋ ላይ መጣ። ቀላል ነው፣ ለአዲስ ሠራተኛ ይሆናል ተብሎ። እሷ መረጃው አልበቃኝም አለች። ኩባንያው ደወለ፣ ተመላለሰ፣ ለአለቆቿ ከሰሰ። እሷ ንቅንቅ አላለችም። ከአንድ ዓመት በላይ ያዘችው። በ1962 አሜሪካ ሕጉን አጠበቀች፣ መድኃኒት እንደሚሠራ ጭምር ይረጋገጥ አለች። እንግሊዝ በ1964 ሐኪሞች ጉዳት የሚያሳውቁበት ቢጫ ካርድ አወጣች። አውሮፓ በ1965 የጋራ ሕግ ጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1968 ከየአገሩ የጉዳት ሪፖርት መሰብሰብ ጀመረ፣ ዛሬ ስዊድን፣ ኡፕሳላ ነው የሚከማቸው።

አሁን ሁለተኛው ግማሽ። ታሊዶማይድን አሜሪካ ሊያስገባ ሲደክም የነበረው ኩባንያ፣ ሜሬል፣ ሌላ የማስመለስ ኪኒን ነበረው፣ ቤንዴክቲን። ውስጡ ቫይታሚን ቢ6 እና አንድ የቆየ የአለርጂ መድኃኒት ነው። ሰው ከታሊዶማይድ በኋላ ደንግጧል፣ ልጁ ጉድለት ያለበት ሁሉ ቤንዴክቲን ነው ብሎ ከሰሰ። ኩባንያው የክሱ ወጪ ሲበዛበት በ1983 ከገበያ አወጣው። ጥናቱ ግን ጉዳት አላገኘበትም ነበር! ከወጣ በኋላ የጉድለት ቁጥር አልቀነሰም። በማስመለስ ሆስፒታል የሚተኙ እርጉዞች ግን በዙ። ካናዳ ያንኑ ኪኒን ስትሸጥ ቆየች። አሜሪካ በሌላ ስም የመለሰችው በ2013 ነው። 30 ዓመት ሙሉ ካናዳ የሚሸጥ፣ አሜሪካ ግን የማይገኝ ኪኒን።

ሦስተኛም አለ። በ1977 ኤፍዲኤ መውለድ የምትችል ሴት ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች ትውጣ አለ። ለጥንቃቄ ነው። እስከ 1993 ቆየ። ስለዚህ መድኃኒቱ በወንድ ይሞከር ነበር፣ እርጉዟ ስትታመም ግን "አልተጠናም" ትባላለች። የኮቪድ ክትባት የመጀመሪያ ሙከራዎችስ? እርጉዞች አልነበሩበትም። አለመጠናት ደኅንነት አይደለም። ባዶ ቦታ ነው። ባዶውን ቦታ ደግሞ ጎረቤት፣ አማትና ባል ይሞሉታል።

ስለዚህ የሰኔ ጨረቃ፣ ኪኒን በራስሽ አትግዢ፣ ግን ከሐኪም አትሽሺ። ታዝዞ የሚወሰድ አለ። መጀመሪያ ደረቅ ዳቦ ከአልጋ ሳትነሺ፣ በትንሽ በትንሹ መብላት፣ ዝንጅብል ሻይ ሞክሪ። ውኃ እንኳን አልቀመጥ ካለሽ፣ ሽንትሽ ከጠቆረ፣ ክብደትሽ ከቀነሰ በዚያው ቀን ሂጂ።

የአባወራ_ድምፅ

እሺ ቤንዴክቲኑን አላውቅም ነበር። አንድ ለናንተ።

ያልታደለች_እናት

ሎንዶን፣ ይሄን ስታስተምሪ እኔ አለቀስኩ። በመጀመሪያ እርግዝናዬ አምስት ወር ሙሉ አስመለሰኝ። 9 ኪሎ ጎደልኩ። አንድ ሐኪም "ልጁን ስላልፈለግሽው ይሆናል" አለኝ። ሦስት ዓመት ለምኜ ያገኘሁትን ልጅ!

ሎንዶን_በዝናብ

የኔ እናት። እኔንም ያው ነው የነካኝ፣ ለዚህ ነው የምጮኸው። ስሚኝ፣ አሁን መልስ አለ። በ2023 መጨረሻ ላይ ኔቸር መጽሔት ላይ ወጥቷል። ጂዲኤፍ15 የሚባል ሆርሞን ነው፣ ፅንሱና የእንግዴ ልጁ ይለቁታል፣ ወደ እናቱ አእምሮ ሄዶ ማቅለሽለሽ ያመጣል። ከእርግዝና በፊት ይህ ሆርሞን ደሟ ውስጥ ዝቅ ያለባት ሴት ድንገት ሲያጥለቀልቃት አትችለውም። ቀድሞ ከፍ ብሎ የለመደች ግን ያን ያህል አይጎዳትም። ማርሌና ፌይዞ የምትባል ተመራማሪ ነች አብራ የሠራችው፣ እሷም በዚሁ ማስመለስ በ1999 ፅንሷን አጥታለች። "ከጭንቅላትሽ ነው" ተብላ ነበር እሷም። የመጣው ከልጁ ነው እንግዲህ፣ ልጁን ከመጥላት አይደለም።

ሀያት_ሸ

ጾምስ? የረመዳን ጊዜ እርጉዝ ነበርኩ፣ ሁሉም የየራሱን ሲለኝ ነበር። ሃይማኖታችን ፈቅዶልናል፣ ለራሷ ወይም ለልጇ የሰጋች ታፈጥርና በኋላ ቀዳ ታወጣለች፣ ማለትም ያለፋትን ትጾማለች። ግን ሰው ፊት መብላት ያሳፍራል። አንድ ጥናት አንብቤ ነበር፣ በዩጋንዳ፣ በኢራቅና በአሜሪካ ሚሺጋን መረጃ የተሠራ፣ ረመዳን ከእርግዝና ጋር የገጠመባቸው ልጆች ክብደታቸው በጥቂቱ ያነሰና ካደጉ በኋላም አካል ጉዳት በዝቶ የታየባቸው ነው የሚል። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ልዩነት አላየንም ይላሉ።

አዋላጇ_ነኝ

ሀያትዬ፣ በእኛም በኩል ያው ነው። ቤተ ክርስቲያን ነፍሰ ጡርንና የምታጠባን አላስገደደችም፣ እናቶቹ ናቸው እምቢ የሚሉት። ፍስክ ብዪ ስትያት "የንስሐ አባቴ ሳይፈቅዱ" ትላለች። እኔ አሁን ዘዴ አለኝ፣ "እንግዲያው ሂጂና ጠይቂያቸው" እላለሁ። እስካሁን እምቢ ያሉ ቄስ አልገጠሙኝም፣ አንዱ እንዲያውም ወተት ይዛችሁ ኑ፣ ፊቴ ትጠጣ አሉ። ዋናው ችግር ግን እስከ ስድስት ሰዓት ወይ ዘጠኝ ሰዓት ሆድ ባዶ መዋሉ ነው። የምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ለውዝ የጾም ናቸው፣ በሰዓቱ ብትበዪ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ታሪክ_አሳሹ

ለውዝን ስታነሺ ትዝ አለኝ። እንግሊዞች በ1998 እርጉዝ ለውዝ ትተው፣ በቤተሰቡ አለርጂ ካለ ብለው መከሩ። በ2009 ተውነው፣ ማስረጃ የለም አሉ። ስለዚህ አማትሽን አትቆጪ፣ ፈረንጁም ይሳሳታል፣ ልዩነቱ ሲሳሳት ማረሙ ላይ ነው።

ሌላ ታሪክ ልጨምር። ሉሲ ዊልስ የምትባል እንግሊዛዊት ሐኪም በ1928 ቦምቤይ ሄደች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች የሆኑ እርጉዞች በደም ማነስ ይሞቱ ነበር። ተላላፊ በሽታ መስሏቸው ነበር። እሷ ግን ወጥ ቤታቸውን አየች፣ የሚበሉትን መዘገበች። ደሃዎቹ ናቸው የሚታመሙት፣ አትክልትና ሥጋ የማያገኙት። በመጨረሻ ያዳናቸው ምን መሰላችሁ? ማርማይት፣ እንግሊዞች ዳቦ ላይ የሚቀቡት ጥቁር የእርሾ ቅባት። ውስጡ ያለው ነገር ፎሌት መሆኑ ከዓመታት በኋላ ነው የታወቀው፣ በ1941 ከቆስጣ መሰል ቅጠል ለየት አድርገው አወጡት፣ ስሙም ከላቲኑ "ቅጠል" መጣ። ይቺ ነች ዛሬ ፎሊክ አሲድ ተብላ ከአይረኑ ጋር የሚሰጡሽ።

የ77ቱ ድርቅስ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ተጠንቷል። በረሃቡ ከባድ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የነበሩ ሕፃናት አድገው ሲለኩ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኙ። ኔዘርላንድ ውስጥ ደግሞ በ1944 ክረምት ናዚዎች ምግብ ዘግተው ነበር፣ በእርግዝና መጀመሪያ ረሃቡ ያገኛቸው እናቶች ልጆች ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው የልብ በሽታው ከሌሎቹ በዛባቸው። ልጆቹ ሲወለዱ ክብደታቸው ደህና ነበር እኮ!

የበዛወርቅ_ልጅ

እስካሁን አንብቤ ዝም ብዬ ነበር። ፎሊክ አሲድ ስትሉ ግን መጻፍ አለብኝ።

የመጀመሪያዋ ልጄ ወገቧ ላይ ቁስል ይዛ ተወለደች። አከርካሪዋ አልተዘጋም። አከሙልኝ፣ በ40ኛ ቀኗ ግን ሄደች። በክትትሌ ቀርቼ አላውቅም፣ የሰጡኝን ኪኒን አንድ ቀን አልዘለልኩም። በኋላ ነው የነገሩኝ፣ ያ ቦታ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28ኛው ቀን ነው። እኔ መፀነሴን ሳውቅ ሰባተኛ ሳምንቴ ነበር። ኪኒኑ ትክክል ነው፣ ቀኑ ነው ያለፈው። ማንም ከማርገዜ በፊት አልነገረኝም።

ለሁለተኛው ገና ሳንሞክር ሐኪሙ ከፍ ያለ የፎሊክ አሲድ መጠን አዘዘልኝ። አሁን ስድስት ዓመቱ ነው፣ ኳስ ሲመታ መስኮት ይሰብራል።

ባለ_ሚዛኑ

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ለሐኪምሽ ያንን መጠን ያስያዘው ጥናት ይሄ ነው። በ1991 የታተመ፣ 33 ማዕከል፣ 7 አገር፣ ልክ እንዳንቺ ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ 1,817 ሴቶች። ግማሹ ፎሊክ አሲድ 4 ሚሊ ግራም፣ ግማሹ ያለ እሱ። ውጤቱ ከታወቀው እርግዝና 27 ሕፃናት ችግሩ ነበረባቸው። ፎሊክ አሲድ ከወሰዱት ወገን 6፣ ካልወሰዱት 21። ጥናቱን ከቀኑ በፊት አቆሙት፣ ከዚህ በኋላ መከልከል ነውር ነው ብለው። (4 ሚሊ ግራሙ ቀድሞ ለገጠማቸው በሐኪም ትእዛዝ ነው። ለሌላው 0.4 ይበቃል፣ አታምታቱት።)

አሜሪካና ካናዳ በ1998 ዱቄት ላይ እንዲጨመር በሕግ አስገደዱ። ሴቲቱ ሳታስበው ከዳቦዋ ታገኘዋለች። እንግሊዝ ጥናቱ የተመራባት አገር ሆና ውሳኔውን ያሳለፈችው 30 ዓመት ቆይታ ነው! እኛ ጋም ለስንዴ ዱቄት ደረጃው ወጥቷል፣ ችግሩ ግን አብዛኛው ሰው እንጀራ ነው የሚበላው፣ ጤፉም ሰፈር ወፍጮ ነው የሚፈጨው። ማን ገብቶ ይጨምር? ለዚህ ነው ጨው ላይ ይጨመር የሚሉ ተመራማሪዎች ያሉት፣ አዮዲን እንደተጨመረው።

ጋሽ_ቀልዴ

ጤፍ ራሱ ብረት ሞልቶታል ይባል የለ? አያቴ በጤፍ ነው መቶ ዓመት የደፈነችው።

ባለ_ሚዛኑ

ከፊሉ ብረት የአውድማ አፈር ነው ጋሽዬ። በሬ ሲወቃው የሚደባለቀው። ያ በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ሊጡ ሲቦካ ግን የጤፉ የራሱ ብረት ይለቀቃል፣ ስለዚህ እንጀራው ከቂጣው ይሻላል። አያትህን ሰላም በልልኝ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተኛ። መድኃኒት ወስዳችሁ የጎዳችሁ ነገር ካለ ለፋርማሲስት ወይ ለሐኪም ንገሩና ቢጫውን ቅጽ አስሞሉ። እኛ ጋም ቢጫ ነው። እርጉዝ ከሆናችሁ በተለይ። የአፍሪካ መድኃኒቶች ኤጀንሲም ተቋቁሟል፣ ውሉ ከኅዳር 2021 ጀምሮ ይሠራል፣ ኪጋሊ ላይ ነው ቢሮው። ግን ከየጤና ጣቢያው ካልተነገረው ምኑን ይቆጣጠራል።

የሰኔ_ጨረቃ

ተመልሻለሁ! ሁላችሁንም አንብቤያለሁ፣ አንዳንዱን ሁለቴ።

ሁለቱን ጠርሙስ ለሐኪሟ አሳየኋት። አቆመችኝ፣ በ20ኛው ሳምንት በደንብ በአልትራሳውንድ እናየዋለን አለች፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ስለሆነም አትጨነቂ አለችኝ። ለማስመለሱ ቢ6 ጻፈችልኝ፣ ባሌ ራሱ ሄዶ ገዛው (ቤንዴክቲኑን አስነብቤዋለሁ)። አይረኑን ማታ በብርቱካን እየወሰድኩ ነው፣ እስካሁን ሆዴ ዝም ብሏል።

አማቴንም ወደ ክትትሌ ይዣቸው ሄድኩ። እዚያ ያለችው ሲስተር በነጩ ቅባት ላይ ስታብራራላቸው ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ "እኔ ሰባት ስወልድ ሙዝ አልነካሁም፣ ሰባቱም ለብሰውት ነው የወጡት፣ እንዴት አላሰብኩትም" አሉ። ስንመለስ ታክሲ ተራው ጋ ቆሙና ግማሽ ደርዘን ሙዝ ገዙ። አንዱን እዚያው ልጠው ሰጡኝ።

ዱለቱንም አልተውኩትም። አማቴ በደንብ አብስለው፣ ያለ ጉበት ሠሩልኝ። "ያለ ጉበት ምኑን ዱለት ሆነ" እያሉ።

ጋሽ_ቀልዴ

ቆይ ቆይ። ጉበቱን ታዲያ ማን በላው?

የሰኔ_ጨረቃ

አማቴ።